የሁለቱ የኪስ ራዲዮዎች ፍርድ

ሰው ሲያረጅ ይቅር ማለት ይቀለዋል ይባላል። እኔ ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ እስካሁን የቀለለኝ ነገር የለም። ምናልባት ይቅርታው መንገድ ላይ ይሆናል። እስኪደርስ ድረስ ስለ ሁለት የኪስ ራዲዮዎችና ስለ አንድ የስፌት መኪና የማውቀውን በቅደም ተከተል ልጻፍ። ቅደም ተከተል እወዳለሁ። በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ነገሬን በቅደም ተከተል ተናግሬ ነበር፤ የሆነብኝንም ታያላችሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ቡታጅራ ነው። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ምራት ነበርኩ። ምራት ማለት በቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ የምታውቅ፣ ስለ ምንም ነገር የማትጠየቅ ሰው ናት። ባሌ ተካ መርካቶ ይነግዳል፤ እንደ አገራችን ወንዶች ሁሉ ዓመቱን አዲስ አበባ ከርሞ ለመስቀል ይመጣል። እኔ የምኖረው ከአባቱ ከአባባ ድንቁ ጋር ነው። ሚስታቸው ሞታለች። የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ወሰን የተገፋበት፣ ሚስቱ የኮበለለችበት፣ እንሰቱን የሰው በሬ የበላበት ሁሉ መንግሥት ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት እሳቸው ዘንድ ይመጣል። እሳቸው የፈረዱበት ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ የትም አይሄድም፤ ነውር ነው። የተፈረደ ነገር እንደገና የሚነሳው ዳኛው ራሱ "ድገሙልኝ" ካለ ብቻ ነው።

ወንድሜ ለሠርጌ የሰጠኝ፣ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ነበረኝ። የሰፈሩን ቀሚስ እሰፋበታለሁ። በዚያ ቤት የእኔ የሚባል ዕቃ እሱ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ፣ እኔ ራሴ ጭምር፣ የእነ አባባ ድንቁ ነበር።

አስካለ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ያኔ እትዬ እላት ነበር፤ አሁን ሁለታችንም አርጅተናልና አስካለ ልበላት። ከባሏ ከበቀለ ጋር ገበያው ማዶ ትኖራለች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሐሙስ መጣችና፣ "መኪናሽን ለሦስት ቀን አውሺኝ፤ ለልጆቹ የመስቀል ልብስ ልስፋላቸው" አለችኝ። ሦስቱ ቀን ሦስት ሳምንት ሆነ። ሄጄ ስጠይቃት፣

"የቤታችን መኪና አይደለም እንዴ? ምን አንቺ ቤት፣ እኔ ቤት ትያለሽ?" አለች።

ሰው "ያንቺ" ማለቱን ትቶ "የቤታችን" ማለት ሲጀምር ዕቃህን ቆልፍ። እኔ ይህን ጥበብ ያገኘሁት ዕቃው ከወጣ በኋላ ነው።

ለአባባ ድንቁ አቤት አልኩ። እዚህ ላይ አቀማመጣችንን መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ቤታችን ክብ የሣር ቤት ነው። አባባ ድንቁ ምሰሶውን ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ይቀመጣሉ። ከዚያች ቦታ ሲነሱ እንጂ ሲዛወሩ አይቼ አላውቅም። የቤቱ ልጆችና የተከበረ እንግዳ በቀኛቸው፣ በጓዳው በኩል ነው የሚቀመጡት። ምራት በግራቸው፣ በበሩ በኩል ናት፤ ውሃ ሲባል፣ እንጨት ሲባል፣ ጥጃው ተፈታ ሲባል የምትነሳው እሷ ናትና። ስለዚህ አስካለ በቀኝ፣ እኔ በግራ ተቀመጥን።

ሦስት ቀን ያሰብኩበትን ተናገርኩ። ምራት አማቷ ፊት ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ ዝቅ አድርጌ፣ ወንድሜ መኪናውን ከየት እንዳመጣው፣ በየትኛው በቅሎ እንደተጫነ፣ ሲወርድ እነማን እንደነበሩ፣ ማን ምን ብሎ እንደመረቀኝ፣ አንዱን ሳላስቀር ዘረዘርኩ። አባባ ድንቁ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም። እንዲህ ያለ ታጋሽ ዳኛ የለም ብዬ በልቤ አመሰገንኳቸው። አስካለ የተናገረችው ይህችን ብቻ ነው፦

"አባባ፣ የቤታችን መኪና ነው። ልጆቹ ራቁታቸውን መስቀል ይዋሉ?"

"መኪናው ባለበት ይቆይ" ብለው ፈረዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋቱ የአነጋገሬ ይመስለኝ ነበር። እንጨት ስለቅም እንኳ ክርክሬን እያረምኩ ነበር የምለቅመው።

መስቀል ደረሰ፤ ተካ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ከኪሱ የቆዳ ማኅደር ያለው የኪስ ራዲዮ አውጥቶ አባቱ ጉልበት ላይ አኖረ። መርካቶ አንድ ሙሉ ቀን ራዲዮ ሲያወዳድር መዋሉን ነገረን። ሰባት ራዲዮ በየተራ ጆሮው ላይ አድርጎ ሰምቷል፦ አንዱ ቅቤ ሲነጠር ይመስላል፤ አንዱ ያገሩን ቋንቋ ትቶ የባሕር ማዶውን ብቻ ይይዛል፤ አንዱ ሱቅ ውስጥ ሲዘፍን ቆይቶ ደጅ ሲያወጡት ያንቀላፋል። "ይሄኛው ግን..." ሲል የአስካለ ባል በቀለ ገባ። እሱም ለአባባ ድንቁ ያመጣውን ራዲዮ ከኪሱ አወጣ። አንዳቸው የሌላውን ሐሳብ አላወቁም ነበር። የበቀለው አነስ ይላል፤ ግን ያብረቀርቃል፣ አንቴናውም ተስቦ ተስቦ አያልቅም።

ሁለቱም ራዲዮዎች የጆሮ ማዳመጫ አላቸው፤ ለአንድ ጆሮ ብቻ የምትሆን ፍሬ፣ ክንድ የማትሞላ ሽቦ ያላት። አባባ ድንቁ ማዳመጫ የሚባለውን ነገር ወደዱት። ድምፁ ለሁሉ ከተከፈተ ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ የባትሪው ድንጋይም ቶሎ ያልቃል። "ደግሞም" አሉ፣ "የመንግሥት ወሬ እንደ ገብስ አይበተንም።"

አስካለ ከቀኛቸው ሆና የባሏን ራዲዮ አቀረበች። ማዳመጫውን ጆሯቸው ውስጥ አደረጉ፤ ፊታቸው በራ።

"ይናገራል! ሰውዬው እዚሁ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስላል!"

ተካ የእኛን ለእኔ ሰጠኝና "አስደምጫቸው" አለኝ። ቦታዬ በግራ ነው፤ ሽቦዋም አጭር ናት። ማዳመጫውን አቀበልኳቸው፤ እሳቸውም ጆሯቸው ውስጥ አደረጉት። ጠበቁ። ሁላችንም ጠበቅን።

"ይሄ ሞቷል" አሉ።

በመስቀል ስለ ሞት አይወራም። ተካ ራዲዮውን ነጥቆኝ ወደ ደጅ ወጣ፤ ተከተልኩት።

"ምን አደረግሽው?"

"ምን አደርገዋለሁ? አሁን ነው የሰጠኸኝ።"

"ቅቤ ነክቶታል። ክትፎ ስታሺ በዋልሽበት እጅ ነው የያዝሽው።"

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ብሰካው ጥርት አድርጎ ያወራል። እሱም ሰማ። ደስ ብሎን ተመለስን። በቀኝ በኩል አስካለ፣ በቀለና የበቀለ ዘመዶች ሞልተውታል፤ ተካም እንደ እኔ በበሩ በኩል ተንበርክኮ አቀረበላቸው። ሞቷል።

"አሁን ውጭ ሲናገር ነበር፣ አባባ!" አለ ተካ።

"ለማን?"

"ለእሷ።"

አስካለ እጇን አጨበጨበች። "እሰይ! ለምራት የሚያወራ፣ ባለቤቱን የሚያኮርፍ ራዲዮ! ከማን ተማረው?"

በማግሥቱ አዲስ ድንጋይ ተገዛለት። ሞቷል። ተካ ደግሞ ራዲዮ ፊቱን ሳይሆን ጎኑን ነው ለጣቢያው የሚሰጠው አለ፤ ስለዚህ ራዲዮውን ቀስ እያልን ማዞር ጀመርን። ሽቦዋ አጭር ስለሆነች ራዲዮው በዞረ ቁጥር አባባ ድንቁም አብረው ይዘማሉ፤ በአንዱ ዙር ከበርጩማቸው ሊወድቁ ሲሉ በቀለ ያዛቸው። ይህን ሊያይ ጎረቤት መጣ። ከመጡት አክስቶች አንዷ ጸበል ይረጭበት አለች። ሌላዋ፣ ራዲዮ እርጥብ አይወድም፣ ይታጠን አለች። ታጠነ። ከዚያ ወዲያ ራዲዮው የሞተ ብቻ ሳይሆን የበርበሬ ጢስ የሚሸት ሆነ፤ ያጠኑት በምን እንደሆነ የሚናገር ግን ጠፋ። ሁሉም በየመንገዱ የሚያወራው የእኔን እጅ ነው። እጇ ከባድ ነው፣ የነካችው ሁሉ ይበላሻል ተባለ።

አንድ ቀን አባባ ድንቁ ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ሁለቱንም ራዲዮ በነጠላዬ ይዤ ከእንሰቱ ኋላ ተቀመጥኩ። አንዱን አንዴ፣ ሌላውን አንዴ እያደረግሁ፣ የዘቢዳርን ተራራ በፊቴም በጀርባዬም አድርጌ አወዳደርኩ። አስካለን እጠላታለሁ፤ ፍርድ ግን ፍርድ ነው። የእሷ ራዲዮ ለዘፈን ይጮሃል፤ ከበሮው ጆሮ ይመታል። ንግግር ሲሆን ግን ድምፁ ይወፍርና ቃሉ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ደመና ሲመጣም ይሸሻል። የእኛ ለዘፈን ቀጠን ይላል። ንግግሩ ግን! ዜና አንባቢው ወረቀት ሲገልጥ ይሰማኛል፤ ትንፋሹን ሲስብ ይሰማኛል። ባሌ መርካቶ የዋለው ለከንቱ አልነበረም። ታዲያ ለምን ዝም ይላቸዋል?

በገበያ ቀን ተነስቼ እንሴኖ ሄድኩ። እዚያ ሰዓትና የእጅ ባትሪ የሚጠግን ሰው አለ። ራዲዮውን ፈታ፣ ነፋበት፣ ገጠመ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩት።

"ቆይ እስቲ፣ ጥሩ ዘፈን ላይ ነው" አለኝ። ሲያበቃ መለሰልኝ። "ይሄ ራዲዮ ጤነኛ ነው፣ እህቴ። የሚያዳምጠውን ሰው አምጪልኝ።"

በመንገድ ሁሉ ይህን ቃል እያላመጥኩ ተመለስኩ። ቤት ስገባ አባባ ድንቁ ብቻቸውን ናቸው። በግራቸው፣ በቦታዬ ተቀመጥኩ። እሳቱን እየቆሰቆስኩ፣ ሳላያቸው፣ በምራት ድምፅ፣

"አባባ፣ በሬው ሞተ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቤቱም እየተቃጠለ ነው።"

ነቀነቁ፤ በትዕግሥት፣ በአክብሮት። የመኪናዬን ጉዳይ ስናገር የነቀነቁት ያንኑ ነው። የእሳት መቆስቆሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሦስት ቀን አስቤ የተናገርኩት ሁሉ፣ በቅሎው፣ ምስክሩ፣ ምርቃቱ፣ ባዶ ገደል ውስጥ ገብቶ ነበር። ጆሮ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ በሄደ ቀን ደህና ሁኑ አይልም። እሳቸው ራሳቸው ማወቅ አለማወቃቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለባሌ አልነገርኩትም። ለባል የተነገረ ነገር ለእህቱ የተነገረ ነው። ክር ልገዛ መስዬ ወደ ሼህ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሼህ ሸምሱ የአቡጀዲ ነጋዴ ናቸው፤ ከአባባ ድንቁ ጋር ለሽምግልና አብረው የሚቀመጡ ሰው።

"ራዲዮው ተናገረ?" አሉኝ።

"ለአንዳንድ ሰው።"

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

"ሼህ ሸምሱ፣ እርስዎ እኛ ቤት ሲመጡ ሁልጊዜ በቀኝ ነው የሚቀመጡት።"

ጨርቁን በክንዳቸው ለክተው አጠፉት። ቀጥለው፣ "ልጄ፣ በግራ የተቀመጥኩት አንድ ጊዜ ነው፤ የተረታሁትም አንድ ጊዜ ነው" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን አይነገራቸውም?"

"ማን ይንገር? በቀኝ ያለው እየረታ ነው፤ ምን ጎድሎት ይናገራል? በግራ ያለው ቢናገር ማን ይሰማዋል?"

"እትዬ አስካለስ?"

"አላህ ያውቃል። ግን ልጃቸው አይደለች? አባቷን ስትለምን በየት በኩል ሆና እንደሆነ አንቺው አስቢው።"

ክሩን ይዤ ወጣሁ። እንግዲህ ከተማው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ለሽምግልና ማልደው ሲመጡ ትጋት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቀኙን ለመያዝ ነው። የማያውቁት ቦታቸው አስቀድሞ የተወሰነላቸው ብቻ ናቸው። በአገራችን ምራት ተከራክራ አታሸንፍም ይባላል፤ ምክንያቱን ግን የሚነግረን አልነበረም።

ቢሆንም አፍ አውጥቼ መናገር አልችልም። "አማቴ ደንቁረዋል" ያለች ምራት መኪናዋን ብቻ ሳይሆን ትዳሯንም ታጣለች። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ አባባ ድንቁ እንዳልሰሙኝ በራሳቸው አውቀው፣ በራሳቸው አፍ "ድገሚልኝ" እንዲሉኝ።

አስካለ ራሷ ቀኑን አመጣችልኝ። "የሞተ ስጦታ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ የቱ ራዲዮ እንደሚቀርና የቱ እንደሚመለስ ሽማግሌ ይወስን" አለች። እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ሼህ ሸምሱና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ሦስቱም በቀኝ ተደረደሩ፤ አስካለ ከሁሉ ቀርባ ከአባቷ ጎን ናት። ተካ አንገቱን ደፍቶ ከእኔ ኋላ፣ በሩ ሥር ተቀመጠ። የአስካለ ራዲዮ በቀኝ ተናገረ። የእኛ በግራ ሞተ።

"እንግዲህ ምን ቀረ?" አለች አስካለ።

ተነሳሁ። ሁሉም እንዲሰማኝ፣ እንደ ምራት ሳይሆን እንደ ገበያ ሰው ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

"እንሴኖ ገበያ ሚዛን የተጠራጠረ ገዢ፣ ዕቃውን ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው አዛውሩልኝ ይላል። ማንም አይቆጣውም። ራዲዮዎቹ ቦታ ይለዋወጡልኝ።"

"ደፋር!" አለች አስካለ።

ሼህ ሸምሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። "የገበያ ሕግ ነው" አሉ። "ይለዋወጡ።"

የአስካለን ራዲዮ ተቀብዬ በግራ አቀረብኩ። አባባ ድንቁ ማዳመጫውን ግራ ጆሯቸው ውስጥ አደረጉ። ጠበቁ። መቀያየሪያውን አሽከረከሩት። አንቴናውን ሳቡት። ፊታቸው ላይ የሆነውን አልጽፍም፤ የሰው ገመና ነው። የእኛን ራዲዮ በቀኝ ሞከሩት። ዜና ላይ ነበር መሰለኝ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም ጉልበታቸው ላይ ጎን ለጎን አኖሯቸው።

"ሁለቱም ደህና ናቸው" አሉ። "ሁለቱም ይቀመጣሉ።" ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ወዲህ ነይ። አስካለ፣ ቦታ ልቀቂላት። የዚያን ቀን ስለ መኪናው ያልሽውን ድገሚልኝ።"

በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከምሰሶው በቀኝ ተቀመጥኩ። አሳምሬ የያዝኩት ክርክር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። "መኪናው የእኔ ነው። ወንድሜ ነው የሰጠኝ። ለሦስት ቀን ነው ያዋስኳት" አልኩ። ሌላ አልወጣኝም።

"ሰማሁሽ" አሉ አባባ ድንቁ። "እውነትሽን ነው። ግን ዕቃ ከእህት ቤት ወደ ወንድም ቤት ሲመለስ ያየ ሰው ቤቱ ተጣላ ይላል። ለቤቱ ክብር ሲባል መኪናው ባለበት ይቆይ።"

ሰምተው ፈረዱብኝ። አለመስማታቸው ይሻለኝ ነበር። አለመስማት በሽታ ነው፤ ይህን ግን ምን ልበለው?

አልተነሳሁም። አስካለ ወደ ቦታዋ ልትመለስ መጣች፤ እኔ እንደ ምሰሶው ተተክያለሁ። በእኔ ላይ መርገጥ ስላልቻለች ዞራ በበሩ በኩል፣ በአባቷ ግራ ቆመች።

"አባባ፣ ትነሳልኝ እንጂ! ቦታዬ ነው እኮ! ንገራት!"

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"ምን ትላለች?" አሉኝ።

ኃጢአት መሆኑን ያኔም አውቃለሁ፤ ዛሬም አውቃለሁ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ በምራት ድምፅ፣

"መኪናውን በፈቃዴ እመልሳለሁ እያለች ነው፣ አባባ። እኛ ተዋደን እንጂ ተጣልተን አይደለም ትላለች" አልኳቸው።

"እሰየው!" ብለው ተነሱ። እጃቸውን ዘረጉ። "አስካለ ልጄ፣ ሳይፈረድብሽ በፈቃድሽ የመለስሽ፣ ቤትሽ ይሙላ! ልጆችሽ ይደጉልሽ! ቃልሽን የሚያፈርስ አይጠጋሽ!"

በሽማግሌ ምርቃት የታሰረ ነገር አይፈታም፤ የፈታው ሰው ምርቃቱ ይገለበጥበታል። አስካለ አፏን ከፍታ ቆማለች። በቀኝ በኩል ያሉት ሽማግሌዎች ያለችውንም ያልኩትንም ሰምተዋል። እውነቱን ለማውጣት ግን አባባ ድንቁ በግራ እንደማይሰሙ መናገር ግድ ይላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በቀኝ ተቀምጦ የረታ ሁሉ ክርክሩ እንደገና ሊነሳበት ነው።

"አሚን" አሉ ሼህ ሸምሱ፣ ከሁሉም ቀድመው።

"አሜን" አሉ የቀሩት።

አስካለም ከሁሉ በኋላ "አሜን" አለች። አባቷ ግን አልሰሙአትም።

በማግሥቱ ገበያው ሞልቶ ሳለ አስካለ ቤት ሄድኩ። ተካ በቅሎ ልለምንልሽ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። መኪናውን በጀርባዬ አዝዬ፣ በጨው ሻጩ ፊት፣ በአቡጀዲ ሻጩ ፊት፣ በዘመድ ሁሉ ፊት አልፌ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ብረት ነውና ይከብድ ነበር። አንድም ቦታ አላሳረፍኩትም።